ሬዲዮው ከፒያኖው ውጭ ይቀመጥ

ራሱን የሚጫወት ፒያኖ ከቤት ኮምፒዩተር ጋር ያለ ገመድ ይገናኝ ሲባል ምን መታሰብ አለበት? በዚህ ምልልስ ሁለት ሰዎች ይከራከሩበታል። ጋሼ ዕድሜያቸውን በፒያኖ ማስተማር ያሳለፉ ናቸው። ማርታ የኔትወርክ ባለሙያ ናት።

ጋሼ፦ ማርታ፣ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ዛሬ እንዲህ ያለ ፒያኖ የሚገዛ ሰው ብሉቱዙም ዋይፋዩም ውስጡ ተገጥሞለት ነው የሚረከበው። በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ የወደደውን ሙዚቃ ይመርጣል፣ ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው መጫወት ይጀምራሉ። አንቺ ግን በዚህ ደስተኛ አይደለሽም። አምራቹ ፈትሾ፣ ዋስትና ሰጥቶ የሸጠውን ትተን ለብቻዋ የምትሸጥ ትንሽ ሳጥን ከኋላው እንሰካ ትያለሽ። ምን አግኝተሽበት ነው?

ማርታ፦ የተገጠመው ይነቀል አላልኩም፣ ጋሼ። ፒያኖው ከውጭ ጋር የሚነጋገርበት ብቸኛ በር ሬዲዮው መሆን የለበትም ነው የምለው። ምክንያቱ ዕድሜ ነው። በደንብ የተያዘ ፒያኖ 80 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ያገለግላል። ክሩ ይቀየራል፣ የመዶሻው ሱፍ ይታደሳል፣ ሣጥኑና የብረት አቃፊው ግን ከባለቤቱ ይልቅ ይቆያሉ። የሬዲዮው ቺፕ፣ ቺፑን የሚያዘው ሶፍትዌርና ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ ደግሞ አሥር ዓመት ካገለገሉ ብዙ አገለገሉ። ረጅም ዕድሜ ያለውን ዕቃ ከአጭር ዕድሜው ጋር አጣብቀን ከሠራነው፣ አጭሩ ሲሞት ረጅሙን ድዳ አድርጎት ይሄዳል። የመኪና ጎማ ሲያልቅ መኪናው አይጣልም፤ ጎማው እንዲወልቅ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ሬዲዮውም እንደዚያ ሊወልቅ ይገባል።

ጋሼ፦ ይህ እስካሁን ስጋት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ፒያኖ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ታሪኩ የምትይውን ይደግፋል?

ማርታ፦ በደንብ ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1895 ኤድዊን ቮቴይ የተባለ አሜሪካዊ ዲትሮይት ውስጥ ፒያኖላን ሠራ። አሠራሩ በወረቀትና በአየር ነው። የተቀዳደደ ጥቅል ወረቀት ቀዳዳዎች በተደረደሩበት የናስ ዘንግ ላይ ያልፋል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ይገባል፣ በእግር የሚረገጠው ወናፍ በፈጠረው የአየር ስበት ትንሽ ከረጢት ትጨማደድና ቁልፉን ትስባለች። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ፋብሪካ ወረቀቱን በራሱ ልክ ይቆርጥ ነበር። በ1908 አምራቾቹ ኒውዮርክ ግዛት ባለችው ቡፋሎ ከተማ ተሰብስበው ተስማሙ፤ ወርዱ 11 ኢንች ከሩብ፣ በአንድ ኢንች 9 ቀዳዳ፣ ለ88ቱም ቁልፎች። በዚያ ልክ የተቆረጠ ወረቀት ዛሬም በሚሠራ በማናቸውም የዚያ ዓይነት ፒያኖ ላይ ይጫወታል። ፒያኖውን የሠራው ፋብሪካ ከከሰረ ብዙ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ወረቀቱ ይህን አያውቅም።

አሁን ከዚህ ጎን ሌላውን ያስቡ። በ1904 ጀርመን ውስጥ ፍራይቡርግ፣ ኤድዊን ቬልቴና ካርል ቦኪሽ ቬልቴ ሚኞንን አወጡ። ይህ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ የአጨዋወቱን ጉልበትና ልስላሴም ጭምር ነው። የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር በ1905 ለዚህ መሣሪያ ተጫውቷል፤ ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲም ተጫውቷል። በሥራው ጥራት ከፒያኖላ እጅግ ይልቃል። ነገር ግን ቬልቴ ጉልበቱን የሚጽፍበት ምልክት የራሱ ነው፣ አሜሪካኖቹ አምፒኮና ዱዎ አርትም የየራሳቸው ነበራቸው። አንዱ የሌላውን ወረቀት በትክክል አያነብም። ስለዚህ ዛሬ የማህለርን አጨዋወት በቬልቴ መልክ ለመስማት የታደሰ የቬልቴ መሣሪያና እሱን የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ግድ ነው። የሚበልጠው ጥበብ ለብቻው ስለተቆለፈ ጥቂቶች እጅ ቀረ፤ የሚያንሰው በጋራ ልክ ስለተስማማ በየቤቱ ኖረ።

በዘመናችንም ይኸው ተደግሟል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ዲስክላቪየር የተባለ ራሱን የሚጫወት ፒያኖ ለገበያ ሲያቀርብ ሙዚቃው በፍሎፒ ዲስክ ነበር። ሶኒ ፍሎፒ ማምረቱን በ2011 አቆመ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንዳንድ አምራቾች ኤርፖርት ኤክስፕረስ በተባለችው የአፕል ሳጥን አማካይነት ፒያኖን ከታብሌት ጋር ያለ ገመድ አገናኙ። በ2018 አፕል የኤርፖርትን ምርት በሙሉ መተዉን አስታወቀ። ፒያኖዎቹ ግን አሁንም ክራቸው ተወጥሮ ሳሎን ቆመዋል። ኤርፖርቷ ከውጭ የተሰካች ስለነበረች በሌላ ትተካለች። ከፒያኖው ሰሌዳ ጋር ተበይዳ ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ ነበር?

ጋሼ፦ እሺ፣ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ነገር ግን የምትሰኪያት ሳጥን የምትናገረው ቋንቋ፣ ሚዲ የምትሉት፣ እሱስ አያረጅም? ዛሬ የጋራ ልክ ያላችሁት ነገ እንደ ፍሎፒው ላለመሆኑ ምን ዋስትና አለ?

ማርታ፦ ፍጹም ዋስትና የለም፤ እስካሁን የሚታየው ግን ጠንካራ ነው። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። በዚያ ዓመት የተሠራ መሣሪያ ባለ አምስት ቀዳዳ ሶኬቱን ይዞ ዛሬ ከተገዛ ኮምፒዩተር ጋር ይነጋገራል። በኮምፒዩተር ዓለም ከ40 ዓመት በኋላ እንዲህ የሚግባባ ሌላ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። የቆየበት ምክንያት ቀላልነቱ ነው። ድምፅ አያስተላልፍም፤ የሚልከው ትእዛዝ ነው። ለአንድ ኖታ ሦስት ባይት ይበቃል፤ አንዱ «ይነካ» ይላል፣ አንዱ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ይናገራል፣ ሦስተኛው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነካ ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይገልጻል። በ2020 ሚዲ 2.0 ሲጸድቅም አሮጌውን አልሻረም፤ የሚገናኙት ሁለት መሣሪያዎች ተነጋግረው አዲሱን ካልተግባቡ ወደ አሮጌው ይመለሳሉ። የቡፋሎው ስምምነት ወራሽ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ፦ አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመልስሽ። ሙዚቃ ጊዜ ነው። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አጨዋወት አስቢ፤ ጀርመን አገር የታተመውን ሸክላቸውን ስሚው። አንዷ ድምፅ ትንሽ ትቆያለች፣ ቀጣይዋ ሮጥ ብላ ትደርሳለች፣ በመካከል ያለው ዝምታ እንኳ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። የዜማው ነፍስ እዚያ ነው ያለው። አንቺ ደግሞ ይህን በአየር ላይ ልትልኪው ትፈልጊያለሽ፤ አየሩ እዚህ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ እዚያ 60 ቢጨምርበት ምን ይተርፋል? ለእንዲህ ያለ አጨዋወት ገመድ አልባ ነገር ጠላት ነው።

ማርታ፦ ይህ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። መዘግየትንና መዛነፍን እንለይ። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል ግማሽ ሰከንድ ዘግይተው ቢመጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም፣ አድማጩም ምንም አያውቅም። አንዱ 20፣ ሌላው 60 ቢዘገይ ግን እርስዎ ያሉት ጥፋት ይደርሳል። የሚያስፈራን መዛነፉ ነው። ደግሞም ኬብል ከዚህ ነፃ አይደለም። የሚዲ ኬብል በሰከንድ 31,250 ቢት ነው የሚያሳልፈው፤ አንድ ኖታ 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አሥሩ ጣቶች ባንዴ ቢያርፉ የመጨረሻው ትእዛዝ ከመጀመሪያው 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ጆሮ ይህን ይታገሳል፤ ድምፅ ራሱ ከፒያኖው ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ ለተቀመጠ ሰው ለመድረስ ያን ያህል ጊዜ ይወስዳልና።

ትልቁ መዘግየት ያለው ፒያኖው ውስጥ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ኋላ ጫፍ ሥር ሶሌኖይድ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ዘንጉን ወደ ላይ የሚገፋ ጥቅልል ሽቦ ነው። ዘንጉ የቁልፉን ኋላ ያነሳል፣ መዶሻው ይወረወራል፣ ክሩን ይመታል። በብርቱ ሲገፋ መዶሻው በጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ይደርሳል፤ በቀስታ ሲገፋ ግን ከመቶ በላይ ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ጮክ ያለና አንድ ለስላሳ ኖታ በአንድ ቅጽበት ቢታዘዙ በአንድ ቅጽበት አይሰሙም። ዲስክላቪየር ለዚህ መፍትሔ አለው፤ የሚደርሰውን ሁሉ 500 ሚሊ ሰከንድ ይይዝና ለስላሳውን ቀደም አድርጎ፣ ብርቱውን ዘግየት አድርጎ ይለቃል። ሁለቱም መዶሻ በተባለለት ሰዓት ክሩ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ለማዳመጥ ከሆነ፣ ሙዚቃው የሚሰማው አስቀድሞም ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ይህንኑ ዘዴ በአየሩ ላይም መጠቀም እንችላለን፤ ሁሉንም እኩል አዘግይቶ በመካከል ያለውን ርቀት መጠበቅ።

መሣሪያው ደግሞ ተሠርቶ ተቀምጧል። የብሉቱዝ ሚዲ ደንብ በ2015 ሲጸድቅ እያንዳንዱ ትእዛዝ የተነሳበትን ሚሊ ሰከንድ እንዲይዝ ተደረገ። ብሉቱዙ ትእዛዞቹን ሰብስቦ የሚልከው በየተወሰነ ጊዜ ነው፣ ሲፈጥን በየ7.5 ሚሊ ሰከንድ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ ይዘገያል። ተቀባዩ ሳጥን የተጻፈውን ሰዓት አንብቦ ኖታዎቹን እንደገና በየቦታቸው ከለቀቃቸው የእማሆይ ዝምታ እንደተለካ ይደርሳል። ሰዓቱን ሳያይ እንደመጣለት የሚለቅ ሳጥን ግን ዜማውን ያበላሻል፤ እንዲህ ያለውን አለመግዛት ነው። በዋይፋይ የሚሄደው አርቲፒ ሚዲም ሰዓት ይይዛል። በዚያ ላይ የጠፋውን መልሶ የሚያስታውስበት መዝገብ አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ይነካ» የሚለው ደርሶ «ይለቀቅ» የሚለው መንገድ ላይ ቢቀር ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል፣ ሶሌኖይዱም ኤሌክትሪክ እየወሰደ ይሞቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሙዚቃውን ኖታ በኖታ አለመላክ ነው። አንድ ሙሉ ሶናታ በሚዲ ፋይል በስልክ ከተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ያንሳል። ከፒያኖው አጠገብ እንደ ራስቤሪ ፓይ ያለ መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር ይቀመጥ፣ በአጭር የሚዲ ኬብል ከፒያኖው ይያያዝ፣ በዋይፋይ ከቤቱ ኔትወርክ ይግባ። የቤቱ ኮምፒዩተር ፋይሉን በሙሉ አስቀድሞ ይልክላታል፤ «ጀምሪ» ሲላት ከራሷ ማስታወሻ ታጫውታለች። ከዚያ በኋላ ራውተሩ ቢጠፋ እንኳ ዜማው አይቋረጥም። ሬዲዮው ዕቃ ያደርሳል እንጂ ሰዓት አይጠብቅም።

ጋሼ፦ ለማዳመጥ ይሁን። አንድ ተማሪ ፒያኖውን እየተጫወተ ኮምፒዩተሩ በዚያው ቅጽበት እንዲመልስለት ቢፈልግስ?

ማርታ፦ እዚያ ላይ ልክ ነዎት፤ ኬብል ይሰካ። ለቅጽበታዊ ጨዋታ የ500 ሚሊ ሰከንዱም መዘግየት ይጠፋል፣ አየሩም ይቀራል። የሚዲ ኬብል እስከ 15 ሜትር ይዘልቃል፣ የዩኤስቢ ኬብል 5 ሜትር ላይ ይወሰናል። እኔ የምሟገትለት ባለ አምስት ቀዳዳ ሶኬት ለዚህም ያስፈልጋል፤ ሬዲዮው ብቻ ያለው ፒያኖ ይህን ምርጫ ራሱ ይከለክላል።

ጋሼ፦ ሌላም አለ። ፒያኖው ብቻውን አይጫወትም፤ ዘፋኝ አለ፣ ቫዮሊን አለ፣ እነሱ በድምፅ ማጉያ ነው የሚመጡት። ፒያኖው በአንድ መንገድ፣ ዘፋኙ በሌላ መንገድ ከመጡ ማን ያገናኛቸዋል? በአንድ ሳጥን የተሠራው ሥርዓት ይህን የፈታ ይመስለኛል።

ማርታ፦ ፈትቶታል፤ ብልሃቱም የሚደነቅ ነው። በስቴሪዮ ድምፅ ሁለት መስመር አለ። አምራቾቹ በአንዱ ዘፋኙን፣ በሌላው የሚዲውን ትእዛዝ ወደ ድምፅ ምልክት ለውጠው ላኩ። ሁለቱ በአንድ ክር ስለሚሄዱ ሁለት ሰከንድ ቢዘገዩም አብረው ነው የሚዘገዩት። ብልሃቱ ግን ድምፁ ሳይነካ ሲደርስ ብቻ ነው የሚሠራው። በኤርፖርት የሚሄደው ድምፅ ምንም አይቀነስበትም ነበር፣ ስለዚህ ሠራ። ተራው የብሉቱዝ ድምፅ ማስተላለፊያ ግን ጆሮ አይፈልገውም ብሎ ያሰበውን እየቀነሰ ይልካል፤ ከሚቀነሰው ጋር የፒያኖው ትእዛዝ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የኤርፖርቷን ቦታ በብሉቱዝ ልተካ የሚል ሰው ይጠንቀቅ። ዛሬ የሚቀለው መንገድ ሌላ ነው። ዘፋኙን የሚያጫውተው ፕሮግራም ድምፁን ፒያኖው በሚዘገይበት ልክ ያዘግየው፣ ድምፅ ማጉያውም በሽቦ ይያያዝ። የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ የራሱን መዘግየት ይጨምራል፣ መጠኑም ከዕቃ ወደ ዕቃ ስለሚለያይ ልኩን መያዝ ያስቸግራል።

ጋሼ፦ አንድ የምትሸሺው ነገር ያለ ይመስለኛል። ከ0 እስከ 127 ነው ያልሽው። ምርጥ ፒያኖዎች ከዚያ የረቀቀ ነገር ይመዘግባሉ። የሰው ጣት በ128 ደረጃ ይወሰናል እንዴ?

ማርታ፦ አልሸሽም፤ ይህ የአቋሜ ደካማ ጎን ነው። ዲስክላቪየር ፕሮ የመዶሻውን ፍጥነት በ1,024 ደረጃ ይይዛል። የፒያኖ ተጫዋቹ ግሌን ጉልድ በ1955 የቀረጸውን የባኽ ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ ዜንፍ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በኮምፒዩተር ከሸክላው ድምፅ ውስጥ ኖታ በኖታ አውጥቶ በ2006 እንደገና ያስጫወተው በእንዲህ ያለ ፒያኖ ነው። ተራ የሚዲ ፋይል በተራ ሳጥን ሲላክ ያን ረቂቅነት ያጣል። ስለዚህ የስቱዲዮ ባለሙያ የአምራቹን የራሱን መንገድ ቢጠቀም አልቃወምም። ነገር ግን በቤት የሚጫወቱት አብዛኞቹ ፋይሎች መጀመሪያውኑ በ128 የተጻፉ ናቸው፤ በተሻለ በር ስላለፉ የሌላቸውን አያገኙም። ደግሞም የቬልቴን ነገር አይርሱ። የረቀቀው ምልክት በአንድ አምራች እጅ ብቻ ከቀረ፣ ያ አምራች ሥራውን በተወ ማግስት ማን ያነበዋል? የረቀቀውም ተራውም ይኑር፤ ተራው በር ግን እንዳይዘጋ።

ጋሼ፦ እኔ በጊዜው ነገር ረክቻለሁ፤ በረቀቀው ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። እንግዲያው ልገዛ ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ምን ልበለው? ፒያኖው ቤት ከገባ በኋላስ?

ማርታ፦ ቤት ከገባ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። የብረት አቃፊው ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ብረት ነው፣ ሬዲዮን ይጋርዳል። ሳጥኗን ከሥሩ ከመቅበር ወጣ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ስለሚሠራ ራውተሩን በ5 ጊጋኸርትዝ ማድረግ ይረዳል። የአፕል ኮምፒዩተሮች የብሉቱዝ ሚዲን ያለ ተጨማሪ ነገር ያውቁታል፤ በዊንዶውስ ግን በርካታ የሙዚቃ ፕሮግራሞች በቀጥታ ስለማያዩት የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ለገዢው ግን ይህን ይበሉልኝ። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ፒያኖው ሥር ወይም ጎኑ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ ባለ አምስት ቀዳዳ ሶኬት ይፈልግ፤ አንዱ መግቢያ፣ ሌላው መውጫ። ከዚያ ሻጩን ዋይፋዩንና ብሉቱዙን ሁሉ አጥፋልኝ ይበለው፤ ስልኩንም ወደ ጎን ያድርገው። አንድ ተራ የሚዲ ፋይል ከላፕቶፕ በኬብል ይላክና ፒያኖው ይጫወት። ከተጫወተ ይግዛው፤ ሬዲዮውን ዛሬ በፈለገው ሳጥን ይሰካል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም በሌላ ይተካል። ካልተጫወተ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዛው።